የእንግዳ ሁሉ ሳሙና

እኛ ብሎክ ውስጥ «አይሆንም» ማለት የማይሆንለት ሰው ቢፈለግ ከሁሉ በፊት የሚጠራው የእትዬ ራህማ ስም ነው። አያት ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ጎረቤቴ ናት፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሱቋ ደግሞ ምድር ላይ። በርበሬ ያለቀበት፣ ቁልፍ የጠፋበት፣ ልጁን ለአፍታ የሚያስቀምጥበት ያጣ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ትችላለች፤ «እርስዎ» ስላት ግን «ምነው አራቅሽኝ?» ብላ ስለተቀየመችኝ አንቺ እላታለሁ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ታናድደኝ ነበር። እኔ ቁጡ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። ቦሌ አንድ የአየር ቲኬት ቢሮ ተቀምጬ የመንገደኛ ጭቅጭቅ ስሰማ ስለምውል፣ ለሁሉም እሺ የሚል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። አንዴ አንዲት ሴትዮ ልጇ የተኛበትን፣ ወተት የነካውን ብርድ ልብስ መልሳ አምጥታ «ቀለሙን አልወደድኩትም» ስትላት ራህማ ያለ አንድ ቃል በአዲስ ቀየረችላት። «ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። «አብሽሪ ዮሃና» አለችኝ፣ «ወደዚህ ስትመጣ ደረጃው ላይ ምን ያህል እንደተሳቀቀች አላየሽም።» እኔ ምኑንም አላየሁም። እሺ የምትለው ፈርታ ሳይሆን ሰው ሲሸማቀቅ ማየት ስለማትችል መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል።

ሱቋ የልጆች ዕቃ ሱቅ ነው። ዳይፐር፣ ጡጦ፣ ካልሲ፣ የክረምት ኮፍያ ትሸጣለች። ዋናው ዕቃዋ ግን የአራስ ስጦታ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሚያብለጨልጭ ላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን፣ ውስጡ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ ሎሽን፣ ፓውደር፣ የገላ ዘይትና አንዲት ትንሽ ማበጠሪያ ያለበት። በአካባቢው አራስ ልትጠይቅ የምትሄድ ሴት ሁሉ ከእሷ ሱቅ ሳታልፍ አትሄድም። ራህማም ሪባኑን በእጇ አስራ፣ ጫፉን በመቀስ ጠቅልላ፣ «ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድገው» ብላ ትሸኛለች።

ልጇ ሐሩን ሚኒባስ ይነዳል፤ ከአያት መገናኛ ይመላለሳል። ሚስቱ ሸይማ የደሴ ልጅ ናት፤ ሲኤምሲ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሕፃናት መምህርት ነበረች። ረጋ ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ አማቷ ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ ብሎካችን በሙሉ ደስ አለው። በሰባተኛው ቀን የአቂቃ በግ ታረደለት፣ ፀጉሩን ተላጨ፣ ሃይደር ተባለ።

ከዚያ ጥየቃው ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። ራህማ የልጅ ልጅ አየች፤ እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ስጦታ የሚገዛው ከየት ነው? ከራህማ ሱቅ! ሁላችንም ገዛን። እሷም ለማን እንደሆነ ምንም እንዳላወቀች ሪባኑን አሰረችልን፣ ጫፉን ጠቀለለችልን። ከዚያ ሱቁን ገርበብ አድርጋ በወዲያኛው ደረጃ ቀድማን ትወጣና በሯ ላይ ቆማ «ኧረ ምነው! ምን አስቸገራችሁ!» እያለች ትቀበለናለች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ለእሷ ያ ካርቶን ከሱቋ ወጥቶ በእንግዳ እጅ ሲመለስ ሌላ ዕቃ ሆኗል። የተከበረ ዕቃ ሆኗል።

በሳምንቱ ልጁን ላየው ወረድኩ። ገና ሳቅፈው የእንጆሪ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እኔ ያመጣሁት ሳሙና ነው! ደስ አለኝ፤ ከዚያ ሁሉ ካርቶን መሀል የእኔን መርጠው አጠቡት ብዬ ትንሽ ኮራሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰናይ የምትባለው የአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ስትገባ አብሬያት ገባሁ። ሃይደር ኮኮናት ኮኮናት ይሸታል። ሰናይ ፊቷ በራ። ያኔ ነቃሁ። ራህማ እንግዳ ከታች ደውሎ «መጣሁ» ሲል «ሸይማ፣ የሰናይን አምጪ!» ትልና ልጁን በመጪው እንግዳ ሳሙና ታጥበዋለች፤ በመጪው እንግዳ ሎሽን ትቀባዋለች። የማን ስጦታ የትኛው እንደሆነ በቃሏ ታውቀዋለች። አንድም ሰው «የእኔን አልነኩትም» ብሎ ቅር እንዳይለው። በዚያ ላይ የራሷ አለ፤ ጥቁር አዝሙድ የተጨመረበት ዘይት፣ ለተላጨው ራሱ። በዚያ ላይ ፓውደር፣ ብብቱ ላይ፣ አንገቱ እጥፋት ላይ።

በይሉኝታ የታጠበ ልጅ ካለ ሃይደር ነው።

ስቄ አሳለፍኩት፤ እኔ ምን አገባኝ። በወሩ ገደማ ግን ሸይማ ደረጃው ላይ አገኘችኝና ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት አብጧል። «ዮሃና፣ የልጄ ቆዳ እየተቃጠለ ነው» አለችኝ። «ጉንጩ መጀመሪያ ቀላ፤ አሁን አንገቱና የጉልበቱ ማጠፊያ ሁሉ ሽፍ ብሏል። ፊቱን ፍራሹ ላይ እያሸ ነው የሚያድረው። ከታጠበ በኋላ ይብሳል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያትም?»

«እንዴት ብዬ? በዚህ ዓለም ከልጁ የምታስበልጠው ነገር የላትም። አንቺ ነሽ ያቆሰልሽው ልበላት?»

«እኔ ልንገራት» አልኩና ወደ ታች ልወርድ ስል በሁለት እጇ ያዘችኝ። «እባክሽ፣ አንቺ ስትናገሪ ሰው ይሰበራል» አለችኝ። እውነቷን ስለሆነ ቆምኩ።

መናገር ግን አላስፈለገም። በማግስቱ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የሆነውን ሸይማ ናት የነገረችኝ። ራህማ ከሐሩን ጓደኞች ለአንዱ ልጁን ልታዘጋጅ ሳፋው ውስጥ አስቀመጠችው። ሳሙናው አንገቱን ሲነካው ሃይደር እስከዚያ ቀን ጮኾ በማያውቀው ድምፅ ጮኸ። አውጥታ በነጭ ፎጣ ስትጠቀልለው ፎጣው ላይ የደም ነጠብጣብ አየች፤ የአንገቱ እጥፋት ተሰንጥቆ ነበር።  ልጁን ለሸይማ ሰጥታ፣ ወርዳ ሱቋን በቀትር ዘጋች። ያ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ በቀትር ተዘግቶ አያውቅም። ከዚያ የስጦታውን ጠርሙስ ሁሉ፣ የራሷን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጭምር፣ በትልቅ ፌስታል ጠቅጥቃ ሐሩንን ጠራችው። የሐሩን ሚኒባስ የዚያን ቀን ተሳፋሪ ሳይጭን በቀጥታ ሲኤምሲ ወዳለ የሕፃናት ክሊኒክ ሄደ።

የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሰምሃል ትባላለች፤ ወጣት ናት። ልጁን አገላብጣ ካየችው በኋላ «በምንድን ነው የምታጥቡት?» ብላ ጠየቀች። ራህማ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ጠርሙሱ እየተንከባለለ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይሄ ሁሉ የስንት ልጅ ነው?»

«የእሱ ብቻ።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ የራህማን ፊት ስታይ ግን ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። የአራስ ልጅ ቆዳ ገና ስስ ነው፣ የራሱን ወዝ እንኳ በደንብ አልያዘም አለቻት። ሽታውና ቀለሙ ለልጁ አንዳች እንደማይጠቅመው ነገረቻት። ለጊዜው ሁሉም ይቁም፤ ዘይቱም፣ ፓውደሩም። ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል፣ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይውጣ፣ በየቀኑም ባይታጠብ አይሞትም። ሳሙና ካስፈለገ ሽታ የሌለው ለስላሳ ይሁን፣ እሱም ለቆሸሸው ቦታ ብቻ። ሲወጣ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት እንጂ አትሹት፤ ቆዳው እርጥበቱ ሳይለቀው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቡት። ለተሰነጠቀው ቦታ ደግሞ ሌላ ቅባት አዘዘችለት። «ቆዳው በቅርቡ ይገጥማል» አለች፣ «ግን ትንሽ ሽታ ያለው ነገር እንኳ መልሶ ሊያስነሳው ይችላል። ተጠንቀቁ፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ቁስሉ ካመረቀዘ ለእንደዚህ ዓይነት ጨቅላ ቀላል አይደለም።»

«ጥፋቱ የማነው?» ብላ ጠየቀች ራህማ።

«የማንም አይደለም እማማ፣ ብዙ ሰው...»

«የእኔ ነው» አለች ራህማ። ሸይማ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ ከአማቷ አፍ እንደዚህ ያለ ነገር እሰማለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበርና።

በዚያው ቅዳሜ ቤታቸው ስገባ አማትና ምራት ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ጠርሙስ ከበዋቸዋል። ከቤቱ ብቻ አይደለም፤ ራህማ ከሱቋም ከየዓይነቱ አንዳንድ አውጥታለች። ዕቃው አብዛኛው በዱባይ በኩል የሚመጣ ስለሆነ አንድ ጎኑ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጎኑ በዓረብኛ የተጻፈ ነው። ሸይማ የእንግሊዝኛውን ታነባለች። ራህማ ደግሞ ልጅ ሆና ወሎ፣ ሐርቡ፣ ቁርአን ቤት የተማረቻቸውን ፊደላት ይዛ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ የዓረብኛውን በጣቷ ትከተላለች። ቋንቋውን እንደ ሐኪም አታውቀውም፤ ግን «ዒጥር» የሚለውን፣ ሽቶ ማለት ነው፣ ታውቀዋለች። እሱን ስታገኝ ጠርሙሱን ወደ ግራ ታስቀምጣለች።

የግራው ሰልፍ እስከ በሩ ደረሰ። አንዱ ጠርሙስ ፊቱ ላይ የሚስቅ ሕፃንና «ለአራስ ልጅ፣ ለስላሳ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለው። ራህማ አዙራ ጀርባውን አነበበችና «እዩት ይሄን፣ ፊት ለፊት ይሸነግላል፣ ዞር ሲል ይናዘዛል» ብላ ግራ ወረወረችው። ሦስታችንም ሳቅን። ያ ቤት ከብዙ ቀን በኋላ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። የእኔ እንጆሪም ግራ ሄደ፤ በዝምታ ሸኘሁት።

በቀኝ በኩል የቀረው አንድ ነጭ ጠርሙስ ነበር። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ ሲከፈት ምንም አይሸት። በራህማ በራሷ ሱቅ ውስጥ አቧራ ጠጥቶ የከረመ፣ ማንም ለስጦታ የማይመርጠው። ሸይማ ጽሑፉን ደጋግማ አነበበች፤ ከዚያ ስልኳ ላይ ፎቶ አንስታ ለዶክተሯ ላከችላት። «ይሄ ጥሩ ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ራህማ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ «አንተን ነው ከኋላ የደበቅሁህ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል። በማግስቱ ሱቋን ከፍታ የአራስ ስጦታውን ካርቶን ከመስታወቱ አወረደችው። ሰው መጥቶ «አራስ ልጠይቅ ነው» ሲላት «ለአራስ ከሆነ ይሄን አልሰጥህም» ትላለች። ለስላሳ የጥጥ ልብስ፣ ለእናትየዋ የሚሆን ጋቢ፣ ነጩን ጠርሙስ ታሳያለች። ነጩ ጠርሙስ ሪባን እንኳ አያምርበትም። አንዳንዱ አኩርፎ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። እሷም ስትሸኘው ያው «አላህ ያሳድገው» ትላለች።

ወሬው ብሎኩን ሲዞር ሰናይ ተቆጣች። ሰናይ ስትቆጣ ደረጃው ላይ ነው የምትቆጣው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የእኔ ሳሙና ነው ልጁን ያቆሰለው? ራስሽ ሸጠሽልኝ ራስሽ ታሚኛለሽ?» አለቻት። እኔ መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ደግነቱ ራህማ ቀደመችኝ። «የአንቺ አይደለም እህቴ። የአንቺን ብቻ ብቀባው ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። የሁላችሁንም እያፈራረቅሁ የቀባሁት እኔ ነኝ። አንቺ ያመጣሽው ለደስታ ነው። አፉ በይኝ።»  ራህማ በጎረቤት ሁሉ ፊት ጥፋቱን ወስዳ አንገቷን ቀና አድርጋ ደረጃውን ወረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የብሎኩ ሰው ሁሉ ልጁን በባዶ እጁ መጠየቅ ለመደ።

የሃይደርም ቆዳ መግጠም ጀመረ። ጉንጩ ረገበ፣ አንገቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ቀጭን ሮዝ መስመር ብቻ ሆኖ ቀረ። ሸይማም መተኛት ጀመረች።

እኔ ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ራህማ ጥፋቱን በራሷ ላይ መውሰድ አይከብዳትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሸክም ስትወስድ የኖረች ናት። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እጁን ሲዘረጋላት ያንን እጅ መመለስ ነው የማትችለው። ለደንበኛ ሌላ ነው። ለምትወደው፣ ለምትፈራው፣ ውለታ ለዋለላት ሰው ግን «አይሆንም» ስትል አይተናት አናውቅም። ያ ሰው ደግሞ እየመጣ ነበር።

ሐጃ ፈሂማ የሟች ባሏ ታላቅ እህት ናቸው፤ የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው። ወንድማቸው መኪና ተገልብጦ ሲሞት ሐሩን ገና ጡት አልጣለም ነበር። ራህማ የምትይዘው የምትጨብጠው ባጣች ጊዜ እናትና ልጁን ቤታቸው ያስገቡ፣ ሐሩንን እንደ ልጃቸው ያሳደጉ፣ በኋላም የመጀመሪያውን የሱቅ ዕቃ አስጭነው «ሂጂ፣ በራስሽ ቁሚ» ብለው አዲስ አበባ የላኳት እሳቸው ናቸው። ራህማ ስለ እሳቸው ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ሃይደር ሲወለድ ሐጃ ለዑምራ መካ ሄደው ነበር። ሲመለሱ በቀጥታ ወንድማቸው ያላየውን የልጅ ልጅ ለማየት መጡ።

የመጡ ቀን እኔም ነበርኩ፤ ራህማ «አግዢኝ» ብላ ጠርታኝ ነበር። ሐጃ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በዕድሜ ያልጎበጡ ሴት ናቸው። ሲገቡ ቤቱ በጽጌረዳ ሽቶ ተሞላ። ራህማ ጉልበታቸውን ስማ፣ የክብር ቦታ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሐጃ ልጁን ከማቀፋቸው በፊት ቦርሳቸውን ከፈቱና በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ አወጡ።

«ይሄን ከመካ ነው ያመጣሁለት» አሉ። «የጽጌረዳ ዘይት ነው። እዚያ ቆሜ በእጄ ይዤ ነው ዱዓ ያደረግሁበት፣ ለወንድሜ ዘር። ለማንም አልሰጠሁም፣ ለራሴም አልነካሁትም። በይ፣ ግንባሩንና ደረቱን ቀቢው፤ ስትቀቢው ልየው።»

ራህማ ጠርሙሷን ተቀበለች። ሃይደር ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ እጆቹን ያወናጭፋል። ክዳኑን ከፈተችው። ሽታው እኔ እስካለሁበት ደረሰ፤ መልካም ሽታ ነው፣ መዋሸት አልፈልግም። ሸይማ በሩ አጠገብ ቆማለች። እኔ በልቤ ጌታ ሆይ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ እምቢ እንድትል አድርጋት አልኩ። ራህማ የእጇን ጣት ጠርሙሱ አፍ ላይ አደረገች። ከዚያ ጣቷን አነሳች። ክዳኑን መልሳ አጠበቀችው።

«አልቀባውም፣ እትዬ ፈሂማ።»

«ምን አልሽ?»

«አልቀባውም። ቆዳው ተሰንጥቆ ነበር፤ ገና መግጠሙ ነው። ሽታ ያለው ነገር እንዳይነካው ሐኪም ከልክሎናል።»

«የገበያ ሽቶ እኮ አይደለም! የመካ ነው።»

«አውቃለሁ። ለእሱ ግን አይሆንም።»

ሐጃ ፊታቸው ተለወጠ። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ያዘኑ ነው የመሰሉት። «ራህማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ወንድሜን በቀበርኩ ማግስት ነው አንቺንና ልጅሽን እጄን ዘርግቼ የተቀበልኩት። ዛሬ አንቺ የእኔን እጅ ትመልሻለሽ?»

ራህማ እንባዋ ፈሰሰ። ልጁን ግን አጥብቃ ያዘችው እንጂ አልለቀቀችውም። «የኖርኩት በእርስዎ ነው» አለች። «ይቆጡኝ፣ ይክፉብኝ፣ እሸከማለሁ። ከእርስዎ የመጣ ነገር ሁሉ ለእኔ ልክ ነው። እሱ ግን አፍ የለውም። ሰው እንዳይከፋው ብዬ ዝም ስል እኔ ነኝ ያቆሰልኩት። ደሙን በፎጣ አይቻለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም፣ እትዬ፣ ለእርስዎም ቢሆን አላደርገውም። ቢፈልጉ እኔን ይቅቡኝ።» እጇን ዘረጋችላቸው።

እኔ በቀን ስንት ጊዜ «አይቻልም» እላለሁ። ቢሮ ውስጥ ሥራዬ ነው፤ ቤትም ልማዴ ነው። አንዱም ግን አንዲት ነገር አስከፍሎኝ አያውቅም። የራህማ «አይሆንም» ያላትን ሁሉ የሚያስከፍላት ነበር፤ ያም ሆኖ ከአፏ ወጣ። ያን ቀን ያቺን ሴት አከበርኳት፣ ከዚያ በፊት ከማከብራት በላይ፣ ከእናቴ በቀር ማንንም ባላከበርኩበት ዓይነት።

ሐጃ ፈሂማ ተነሡ። ሻርፓቸውን ሰበሰቡ። ሊሄዱ ነው ብዬ ልለምናቸው ብድግ አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ሸይማ ዞሩና «ውኃ ስጪኝ» አሏት።

የቧንቧ ውኃ በዚያ ቀን አልመጣም ነበር። ሸይማ ከጄሪካን በማንቆርቆሪያ ቀድታ መታጠቢያ ቤት ድረስ ተከተለቻቸው። ሐጃ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። እጃቸውን አሹ፣ ክንዳቸውን አሹ፣ ከጆሯቸው ኋላና አንገታቸውን ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ። ሽቶ የነካውን ሻርፕ አውልቀው መንጠቆው ላይ ሰቀሉትና ከሸይማ ንጹህ ሻሽ ለምነው ራሳቸውን አሰሩ። ተመልሰው መጥተው ራህማ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«እኔም ተቀብቼ ነው የገባሁት» አሉ። «ያኛው የማይሆነው ከሆነ ይሄኛውም አይሆነውም። አሁን ስጪኝ።»

ራህማ ልጁን ሰጠቻቸው።  ሐጃ ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ ሮዝ መስመሯ ያለችበትን አንገቱን ሳይነኩ አፍንጫቸውን ጉንጩ ላይ አደረጉ።  ሃይደር አላለቀሰም።

«ራህማ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ባልሽን ሕፃን ሳለ ያዘልኩት እኔ ነኝ። እናታችን ገበያ ስትወርድ ቀኑን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ነበር። እንዲህ ነበር የሚሸተው። ልክ እንዲህ።»

ራህማ ወደ ልጁ አጎነበሰችና እሷም አሸተተችው።